ራይዞም ምንድን ነው? ሰርዶን «ከሥሩ» ለነቀላችሁ ሁሉ

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። ምስኪን! መቃብሯ ላይ ቀድሞ የሚበቅለው እሱ ራሱ ነው።

ሰሞኑን ደግሞ ያንኑ ምክር አየሁት። «ሰርዶን ያለ ኬሚካል ማጥፋት ቀላል ነው፤ ከሥሩ ነቅላችሁ ጣሉት፣ በቃ።» ጸሐፊው በራሱ በጣም ይተማመናል። እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ የትኛውን ሥር?

ግቢያችንን የሚያሰቃየው የሰርዶ ሥር አይደለም። ሥሩ ፀጉር የመሰለ ቀጭን ነገር ነው፤ ተበጥሶ መሬት ውስጥ ቢቀር ምንም አያበቅልም። ችግሩ አግድም የሚሄደው ነጭ ገመድ ነው። እሱ ደግሞ ግንድ ነው። መሬት ውስጥ የሚሄድ ግንድ፣ ራይዞም የሚባለው።

ካላመናችሁኝ አንዱን ሳብ አድርጋችሁ አውጡና እጠቡት። በየተወሰነ ርቀት አንጓ አለው። አንጓው ላይ ስስ ልጣጭ ተጠቅልሏል። ልጣጩን በጥፍራችሁ ገለጥ ስታደርጉ ሹል፣ ነጭ እምቡጥ ተኝታ ታገኛላችሁ። ሥር እንዲህ ያለ አንጓ የለውም። ኩሽና ውስጥ ያለውን ዝንጅብልም እዩት። ቀለበት ቀለበቱ አንጓ ነው፤ ተረስቶ ሲሰነብት ጫፉ የሚያቆጠቁጠውም ለዚህ ነው። ዝንጅብልም እርድም ራይዞም ናቸው። ሰርዶ ወጥ ውስጥ የማይገባ ቀጭን ዘመዳቸው ነው በሉት። (በዘር ሐረግ የቅርብ ዝምድና የላቸውም፤ የዕፅዋት ባለሙያዎች እንዳትቆጡኝ።)

ራይዞም ጎተራ ነው። ቅጠሉ ገበሬው ነው፤ ፀሐይ ላይ ሠርቶ ያገኘውን ወደ ታች ይከታል። ቅጠሉን ስታጭዱ ገበሬውን አባረራችሁ እንጂ ጎተራውን አልነካችሁም። ከተከማቸው ወጪ አድርጎ ሌላ ገበሬ ይቀጥራል። በዶማ ስትከታትፉት ደግሞ ትልቁን ጎተራ ሰብራችሁ ሃያ ትንንሽ ጎተራ ሠራችሁ። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ደህና አንጓ ካለው ይበቅላል። እርግጥ ጎተራ አይሄድም፣ ይሄኛው ከጎረቤት አጥር ሥር ሾልኮ ይመጣል፤ ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል።

ግቢ ውስጥ ሣር የሚተክሉ ሰዎችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰርዶውን ቆራርጠው፣ በትነው፣ አፈር ለበስ አድርገው ውኃ ያጠጡታል። በክረምት በዶማ የሚፈልጡት ሰዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ውኃውን ሰማይ ይጨምርላቸዋል።

ያው መካሪ «ኬሚካል ከምትረጩ ኮምጣጤ እርጩ» ይላል። ኮምጣጤ ኬሚካል አይደለም ያለው ማን ነው? አሴቲክ አሲድ ነው። ለማንኛውም የሚያቃጥለው የነካውን ቅጠል ብቻ ነው፤ ወደ ራይዞሙ አይወርድም። ጨውማ ጭራሽ አታንሱብኝ። ሰርዶ ጨውን ከብዙ አትክልት በተሻለ ይችላል፤ አፈሩ ተበላሽቶ ጎመናችሁ ሲሞት እሱ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጎተራውን ሙሉውን ማውጣት፤ የቀረውን ማስራብ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ዝናቡ አቁሞ አፈሩ ገና ሳይደርቅ ጀምሩ። ዶማውን ተዉት፤ ባለ ጥርስ ሹካ አፈሩን ያላላል እንጂ ገመዱን አይቆርጥም። ከዚያ በእጅ እየተከተላችሁ ሳቡ። አብዛኛው ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ውስጥ ነው፤ የሚጠልቅም አለ። ያወጣችሁትን ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትጥሉት። ቆርቆሮ ላይ አስጡት። እኔ ስታጠፉት ቀጭ ብሎ እስኪሰበር እጠብቃለሁ። ከተለመጠ ገና አልሞተም።

ከዚያ የተረፈው ብቅ ይላል። አትናደዱ፣ ቶሎ ንቀሉት። ሦስት አራት ቅጠል እስኪያወጣ ከዘገያችሁ ገበሬው ዕዳውን ከፍሎ ወደ ጎተራው ማስገባት ይጀምራል። በየሳምንቱ ዞር ዞር ማለት ነው። በአንድ በጋ ያልቃል ብዬ አልዋሻችሁም።

ሰርዶ ጥላ አይወድም፤ ድክመቱ ይህ ነው። ካርቶን ደራርባችሁ፣ ጫፍና ጫፉን አነባብራችሁ፣ ጭድ ጨምሩበት። በቀጣዩ ክረምት ዱባ ወይም ስኳር ድንች ቢሸፍነው ደግሞ ጥሩ። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ዘርግቶ አፈሩን በፀሐይ መቀቀል የሚባለው ዘዴ ለድሬዳዋ ሰው ይሠራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣችሁ ግን ብዙ አትጠብቁ። እዚህ ጥቁሩ ላስቲክ ይሻላል፤ ሥራው ብርሃን መከልከል ነው።

«መንቀል አይጠቅምም» አላልኩም፣ ልብ በሉ። ፓርቲኒየምን የመሰለ በዘር ብቻ የሚራባ አረም ሳያብብ ከነቀላችሁት አለቀ (ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያሳክካል)። እንግጫ ከምንላቸው አንዳንዶቹ ደግሞ መሬት ውስጥ እንክብል ያስቀምጣሉ፤ ሳቡት ሲሉ ክሩ ተበጥሶ እንክብሉ ይቀራል። እነሱን ቆፍሮ መልቀም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ግቢያችሁ ተዳፋት ከሆነና ሰርዶው እርከኑ ላይ ከሆነ ተዉት። አፈሩን ጠፍንጎ የያዘላችሁ እሱ ነው። ወደ መደቡ የሚሻገረውን ጫፍ ብቻ እየቆረጣችሁ ለጎረቤት በግ ስጡ።