ፒኤልኤ ምንድን ነው? ከስኳር በባክቴሪያ የሚሠራው ፕላስቲክ

እርጎን የሚያኮመጥጠው ላክቲክ አሲድ ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ አውጥቶታል። የዚህ አሲድ ሞለኪውሎች በሺዎች ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት ሲሆኑ ፖሊላክቲክ አሲድ፣ በአጭሩ ፒኤልኤ፣ የተባለው ፕላስቲክ ይገኛል። የቀዝቃዛ መጠጥ ኩባያ፣ የሻይ ከረጢት፣ የስሪዲ ማተሚያ ክር ይሠራበታል። መነሻው ነዳጅ ዘይት ሳይሆን ስኳር ነው፦ በአሜሪካ ነብራስካ፣ ብሌር ከተማ ያለው ፋብሪካ ከበቆሎ፣ በታይላንድ ራዮንግ ያለውና በዓመት 75,000 ቶን የማምረት አቅም ያለው ደግሞ ከሸንኮራ አገዳ ይሠራዋል።

ከስኳር ብዙ ነገር ማውጣት ሲቻል ላክቲክ አሲድ የተመረጠበት ምክንያት በሚዛን ላይ ይታያል። ጠላም ጠጅም ሲፈላ እርሾው ከ180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም አልኮል ያወጣል፤ ቀሪው 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ አየር ላይ ይቀራል። ላክቲክ አሲድ ሲሠራ ግን ከ180 ግራም ግሉኮስ 180 ግራም አሲድ ይወጣል፤ የሚባክን ጋዝ የለም። በተግባርም ከ90 በመቶ በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ብቻ የሚለውጥ የባክቴሪያ ዝርያ ከተመረጠ ነው። ከስኳሩ ግማሽ ያህሉን ወደ አልኮልና ጋዝ የሚወስዱ የላክቲክ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ እነሱ ለሊጥ እንጂ ለፋብሪካ አይሆኑም።

እናቶች የእርጎውን ቅል በወይራ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ያልተፈለጉ ተህዋስያንን ያዳክማል። በፋብሪካ ይህን ሥራ የሚሠራው እንፋሎት ነው። ታንኩ፣ ቧንቧውና ቫልቩ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆያሉ። እንፋሎት ያልደረሰበት አንድ የቧንቧ ጥግ ካለ ሙሉውን ታንክ ሊያበላሽ ይችላል። ከዚያ ዘሩ፣ ማለትም የተመረጠው ባክቴሪያ፣ ይገባል። ከማቀዝቀዣ የወጣው ጥቂት ሚሊ ሊትር በብልቃጥ ይባዛል፣ ከብልቃጥ ወደ ትንሽ ታንክ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሻገራል። በየደረጃው የሚጨመረው ዘር ከሚቀጥለው ታንክ ይዘት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ነው። ከዚያ ካነሰ ባክቴሪያው እስኪነሳ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ክፍተት ሌላ ተህዋስ ይቀድመዋል።

የታንኩ ሙቀት እንደ ዝርያው ከ45 እስከ 52 ዲግሪ ይያዛል። አየር መንፋት አያስፈልግም፤ ሲትሪክ አሲድ ሲመረት ለአየር የሚወጣው ኃይል እዚህ አይወጣም። ምግቡ ግን ወጪ አለው፦ አብዛኞቹ የላክቲክ ባክቴሪያዎች ቢ ቫይታሚኖችንና በርካታ አሚኖ አሲዶችን ራሳቸው ስለማይሠሩ ከስኳሩ ሌላ የእርሾ ጭማቂ ወይም በርካሽ የሚገኘው የበቆሎ መዘፍዘፊያ ውሃ ይጨመርላቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው አሲዱ ራሱ ነው። ሲጠራቀም የሠራውን ባክቴሪያ ያቆመዋል፤ ፒኤች (አሲዱ በበዛ ቁጥር የሚወርደው መለኪያ) ከ4 በታች ከወረደ ሥራው አበቃ። ስለዚህ ፒኤቹን በ6 አካባቢ ለመያዝ የኖራ ውሃ እየተጨመረ አሲዱ ካልሲየም ላክቴት ወደሚባል ጨው ይለወጣል። ይህ ጨው ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ታንኩ በመብራት መቋረጥ ቢቀዘቅዝ ማማሰያውን ይይዛል፣ ቧንቧውን ይደፍናል። ስኳሩ ተሟጦ እስኪያልቅም መጠበቅ ግድ ነው፤ የተረፈ ስኳር በኋላ ውሃው ሲተን ይከስልና አሲዱን ያጠቁረዋል። ሁሉም በደንብ ከሄደ በአንድ ቀን ተኩል ወይም በሁለት ቀን፣ ቢበዛ በሦስት፣ በሊትር 100 ግራም እና ከዚያ በላይ ይደረሳል።

ባክቴሪያው የድርሻውን ጨረሰ። ለእኔ የዚህ ኢንዱስትሪ ቁልፍ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጨውን መልሶ አሲድ ለማድረግ ሰልፈሪክ አሲድ ይጨመራል፣ ጀሶ ይዘቅጣል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ለ100 ኪሎ ላክቲክ አሲድ 41 ኪሎ ኖራ (ውሃ የጠጣው ዓይነት) ይገባል፣ 54 ኪሎ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈሳል፣ 96 ኪሎ ጀሶ ይቀራል። አንድ ቶን ምርት፣ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ቆሻሻ ጀሶ ማለት ነው። መፍትሔ ተብሎ የተያዘው ትልቁ መንገድ አሲድ የሚችል እርሾ በዘረ መል ምሕንድስና ላክቲክ አሲድ እንዲሠራ ማድረግ ነው፤ እርሾው በዝቅተኛ ፒኤች ስለሚሠራ የኖራውም የጀሶውም መጠን በጣም ይቀንሳል።

ሌላው ፈተና በዓይን አይታይም። ላክቲክ አሲድ እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው፤ ኤል እና ዲ ይባላሉ። ለምግብ ማኮምጠጫ ቅልቅሉ ብዙ አይጎዳም። ለፕላስቲክ ግን ይጎዳል፦ በአብዛኛው ኤል የሆነ ሰንሰለት በሥርዓት ተደርድሮ ይጠነክራል፣ የሚቀልጠውም በ170 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመካከሉ ዲ በበዛ ቁጥር ድርድሩ ይፈርሳል፣ የመቅለጫ ሙቀቱም ይወርዳል። ስለዚህ ሾልኮ የገባ፣ ዲ የሚሠራ የዱር ባክቴሪያ የምርቱን መጠን ሳይቀንስ ጥራቱን ብቻ ሊያበላሽ ይችላል። ፒኤችና ስኳር ብቻ የሚለካ ሠራተኛ ይህን አያየውም።

የተጣራው አሲድ በቀጥታ ረጅም ሰንሰለት አይሆንም፤ በእያንዳንዱ ማያያዣ ውሃ ስለሚወጣ፣ ያ ውሃ ካልተወገደ ሰንሰለቱን መልሶ ይበጥሰዋል። ፋብሪካዎች ዞረው ይሄዳሉ። አሲዱ በሙቀትና በቫኩም መጀመሪያ አጭር ሰንሰለት ይሆናል፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሞለኪውል ተያይዞ ላክታይድ የተባለ ቀለበት ይወጣል። ቀለበቱ ይጣራል፣ ከዚያም በቆርቆሮ ውሕድ አፋጣኝነት በ200 ዲግሪ አካባቢ እየተከፈተ እርስ በርሱ ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። በስሌት ለ1 ኪሎ ፒኤልኤ 1.25 ኪሎ ላክቲክ አሲድ ያስፈልጋል።

ፕላስቲኩ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ይለሰልሳል። ትኩስ ሻይ ቢቀዳበት ተራው ኩባያ ይጣመማል። በዚሁ ምክንያት «ይበሰብሳል» የሚለው ጽሑፍ የሚሠራው ወደ 60 ዲግሪ በሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ውስጥ ነው፤ ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ ከተጣለ ለዓመታት ይቆያል።

ፊንጫና መተሐራ ሞላሰስን ወደ ኢታኖል ሲለውጡ ለኖሩባት አገራችን ጥያቄው ቅርብ ነው። አንድ ቶን ሞላሰስ ግማሹ ስኳር ቢሆን፣ 500 ኪሎ ስኳር ከፍተኛው 526 ኪሎ ላክቲክ አሲድ ይሰጣል (የአገዳ ስኳር ሲፈርስ ውሃ ስለሚወስድ ክብደቱ ይጨምራል)። በማብላላቱም በማጣራቱም አሥር አሥር በመቶ ቢጠፋ 426 ኪሎ ይቀራል፤ ያም ወደ 340 ኪሎ ፒኤልኤ ነው። ነገር ግን ሞላሰስ ቀለምና ማዕድን ይበዛበታል። ኢታኖል በማትነን ከዚያ ሁሉ ተለይቶ ይወጣል። ላክቲክ አሲድ ግን እንደ አልኮል በቀላሉ ስለማይተን ቀለሙም ጨውም አብረውት ይቀራሉ፤ እነሱን ለማስወገድ የሚገዛው ቀለም የሚመጥ ካርቦን፣ ጨው የሚይዝ ሙጫና እንፋሎት ከስኳሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የነብራስካው ፋብሪካ የሚጠቀመው ከበቆሎ የተጣራ ግሉኮስ ነው።