ጠበኛ የባሕር ዓሦች፦ የገንዳቸውና የጎረቤቶቻቸው አመራረጥ

በቀይ ባሕር፣ ማዕበል ከኮራል ጋር በሚጋጭበት ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ሶሃል የሚባል ዓሣ ይኖራል። ገላው በቀጫጭን መስመሮች የተሸለመ ሲሆን ሲያድግ 40 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ዋና ምግቡ ድንጋይ ላይ የሚበቅል አልጌ ነው፤ ጠበኛ ያደረገውም ይኸው ግጦሹ ነው። መስኩን የደፈረበትን ሁሉ ያባርራል፤ አልሄድም ያለውን ጭራው ሥር ግራና ቀኝ ባሉት ምላጭ መሰል እሾኾች ይሸነትረዋል። በባሕር ውስጥ ተባራሪው መሸሻ አያጣም። የመስታወት ገንዳ ግን ዳር አለው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ከሁሉ የሚቀድመው የገንዳው ስፋት ነው። ለሶሃል ከ700 ሊትር ያላነሰ ውኃ የሚይዝ፣ ርዝመቱም ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ገንዳ ያስፈልጋል። ሱቅ ውስጥ መዳፍ የምታክል ሆና የምትታየው ዓሣ ብዙ ገዢ ታታልላለች። ቁመታም ገንዳ ለሳሎን ግርማ ይሰጥ ይሆናል እንጂ ለዓሣው አይረባውም፤ እሱ የሚሮጠው በርዝመቱ ነው። ይህን ያህል ውኃ ብቻውን ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ወለሉ መቻሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች እስኪባዙም ገንዳው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያለ ዓሣ ይቆያል።

ጎረቤት ሲመረጥ ጠበኝነት ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አንበሳ ዓሣ እሾኹ መርዛም ቢሆንም ተደባዳቢ አይደለም፤ አፉ የሚችለውን ሁሉ ግን ይውጣል። ትሪገር የሚባሉት ደግሞ ነካሾች ናቸው። ስማቸው ቃታ ማለት ነው፦ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው የጀርባቸውን የመጀመሪያ እሾኽ ሲያቆሙ ሁለተኛው ይቆልፈዋል፣ እሱ ካልተጫነ አይፈታም። ሽሪምፕና ሸርጣን ይሰባብራሉ፣ የአንበሳ ዓሣን ረጃጅም ክንፎችም ይቀነጥሳሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማኖር አይመከርም። ብርቱካናማ መስመር ያለው ትሪገር ብቻውን ቢኖር ይሻላል። ባለ ቀይ ጥርሱ ትሪገር (Odonus niger) ግን ከዘመዶቹ ለዘብ ይላል። ይህን ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1836 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ጎንደር ድረስ ዘልቆ የኛን ጭላዳ ለሳይንስ የገለጸውም እሱ ራሱ ነው።

የአገባብ ቅደም ተከተልም ከምርጫው አይተናነስም። በገንዳ ውስጥ ቀድሞ የገባ ባለርስት ነው። በመሆኑም ለዘብተኞቹ ይቀድማሉ፣ ሶሃል በመጨረሻ ይገባል። ነባሩ ጠበኛ ከሆነ ድንጋዮቹን አፈራርሶ እንደገና መደርደር ወሰኑን ያጠፋበታል፤ እንግዳውንም ለጥቂት ቀናት በተበሳሳ ጥርት ያለ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ማስተያየት ይቻላል። በቅርጽና በቀለም የሚመሳሰሉ ዓሦች ይበልጥ ይጣላሉ፤ ከአንድ ዝርያ ሁለት ማስገባት ደግሞ ጠብን ገዝቶ ቤት ማስገባት ነው።

ገንዳው የጠበበበት ሰው ዓሣውን ወደ ባሕር መልቀቅ ያምረው ይሆናል፤ ይህ ግን አደጋ አለው። የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ የሆነው አንበሳ ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1985 በፍሎሪዳ ባሕር ታየ፤ የመጣውም ከሰው ገንዳ ተለቆ እንደሆነ ይገመታል። ዛሬ በካሪቢያን ኮራሎች የአገሬውን ትናንሽ ዓሦች እየዋጠ ይኖራል።