«የአምስተኛ ዓመት አማራጭ» የማን ምርጫ ነው?

በአሜሪካን ፉትቦል ዜና ላይ ይህ ቃል ደጋግሞ ይነሳል። ብዙ ሰው ተጫዋቹ የሚመርጠው ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚመርጠው ክለቡ ነው።

በድራፍቱ፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት፣ በመጀመሪያ ዙር የተመረጠ ልጅ የ4 ዓመት ውል ይፈርማል። ሦስተኛው የውድድር ዓመት ካለቀ በኋላ፣ ሜይ መጀመሪያ ላይ፣ ክለቡ አምስተኛ ዓመት ይጨምር ወይም ይተው ብሎ ይወስናል። ከጨመረ ገንዘቡ ሙሉ ዋስትና አለው። ልጁ ባይሳካለትም ይከፈለዋል።

ግሪን ቤይ ፓከርስን በ2023 ያስጨነቀው ይኸው ነው። ኳርተርባኩ (ኳሱን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ጆርዳን ላቭ 3 ዓመት ሙሉ የአሮን ሮጀርስ ተጠባባቂ ነበር። በቋሚነት የተሰለፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በካንሳስ ሲቲ 13 ለ 7 ተሸነፉ። አንድ ጨዋታ አይቶ 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማስያዝ ያስፈራል። ስለዚህ አማራጩን ትተው፣ ባነሰ ዋስትና ውሉን በአንድ ዓመት አራዘሙለት። ለእኔ ትልቅ ብልሃት ነው። ልጁን አላስከፉትም፣ ኪሳቸውንም አላራቆቱም።

ላቭ በዚያው ዓመት 32 ተችዳውን (ነጥብ ያስገኙ ኳሶች) ወረወረ። በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ) ዳላስን በሜዳው 48 ለ 32 ረቱት። በጁላይ 2024 የ4 ዓመት፣ የ220 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።