«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ ትርጓሜው፣ አመጣጡና የአባት ስም

ቤተሰቡን በፍቅር ያኖረ አባወራ ሲያርፍ፣ ለቅሶ ደራሹ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚያነሣት ምሳሌ ይህች ናት፦ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»። «ከመቃብር በላይ ነው» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ይባላሉ፤ የምሳሌው ጉልበት ያለው ግን «ይውላል» በሚለው ግሥ ላይ ነው።

«ዋለ» ማለት ቀኑን አሳለፈ ማለት ነው። ሰው እርሻ ይውላል፣ ገበያ ይውላል፣ ሸንጎ ይውላል፤ ማታ ሲገባ «ውሎህ እንዴት ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ምሳሌው ይህን የኑሮ ቃል ለስም ሰጠው። ሥጋ አፈር ቢገባም ስም እንደ ጤነኛ ሰው ጠዋት ይነሣል፣ ሰው መሐል ይውላል፣ ይመሰገናል ወይም ይወቀሳል። «ይኖራል» ቢባል ኖሮ ስም ጥግ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ይመስል ነበር። «በላይ» ደግሞ ሁለት ፊት አለው፦ ከአፈሩ በላይ ማለትም ነው፣ ከመቃብር የሚበልጥ ማለትም ነው። «መቃብር» ራሱ «ቀበረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ከ«ነበረ» (ተቀመጠ) «መንበር» እንደሚወጣ ሁሉ፣ በቃሉ መጀመሪያ ያለችው «መ» ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ቦታ ታመለክታለች።

ምሳሌው የሕዝብ ነው። ከቤተክርስቲያን ትምህርት ጋር ግን በሐሳብ ይዛመዳል፤ መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 7 ቁጥር 1 መልካም ስምን ከመልካም ሽቱ ያስበልጥና ወዲያው የሞትን ቀን ያነሣል። ከዚያ ይልቅ ምሳሌውን በአገራችን ያጸናው የስም አወጣጣችን ይመስለናል።

በእኛ ልማድ ከትውልድ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ ስም የለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ቢደነግግም ልማዱ አልተነቃነቀም። የልጅ ስም ይቀድማል፣ የአባት ይከተላል፣ የአያት ሦስተኛ ይሆናል። ከበደ የተባሉ አባት ልጆች አልማዝ ከበደ፣ ዮሐንስ ከበደ ይባላሉ። አባትየው ካረፉ ከ30 ዓመት በኋላም በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በቀበሌ መታወቂያ፣ በሐኪም ቤት ካርድ ላይ ስማቸው በየቀኑ ይጠራል። ምሳሌው እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

ግን ዕድሜው አጭር ነው። በዮሐንስ ልጅ ላይ ከበደ ሦስተኛ ስም ይሆናል፤ በዮሐንስ የልጅ ልጅ ላይ ከወረቀቱ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚያቆየው የሰው አፍ ነው። ድሮ ጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ልጆች አያት ቅድመ አያታቸውን በቃላቸው ይይዙ ነበር። ዛሬ ይህን መመለስ የሚፈልግ ቤተሰብ ከለቅሶው ሰሞን የተሻለ ጊዜ አያገኝም፦ ከየአገሩ የመጣ ዘመድ አንድ ቤት ተቀምጧል፣ በዕድሜ የገፉት አክስትና አጎትም አሉ። አንድ ወረቀት ይዞ በአባት በኩል ሰባት ስም፣ በእናት በኩል ሰባት ስም ማስጻፍ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ለሙት ዓመቱ ይደረሳል ተብሎ ሲቆይ ከሚያውቁት አንዱ ሊጎድል ይችላል።

ቋንቋችንም ስሙን ይንከባከባል። ያረፈን ሰው ስናነሣ «አባባ ነፍሳቸውን ይማርና» ብለን ነው ወደ ወሬው የምንገባው፤ ሙስሊሙም ምሕረትን ከአላህ ሳይለምን አያልፍም። ደግ ሥራ የሠራ ልጅ «አባቱን አስጠራ» ይባላል። «አስጠራ» የሚለው ቃል የምሳሌው ሌላኛው ግማሽ ነው፤ ስም በራሱ አይውልም፣ የሚያውለው ልጅ ያስፈልገዋል። ምሳሌው ለማስጠንቀቂያም የሚነገረው ለዚህ ነው፦ በውርስ የሚጣሉ ወንድማማቾችን ሽማግሌ ሲገሥጽ «የአባታችሁ ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይላል።

የስም ነገር ከተነሣ በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጥ ጉዳይ አለ። በፍትሐት ጊዜ ካህኑ የሚያነሡት በመታወቂያው ላይ ያለውን ስም አይደለም፤ የክርስትና ስም ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የመሰለ ስም ይሰጠዋል፤ ያ ስም በአዘቦት ስለማይነገር ልጆች አያውቁትም። ካህኑ «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ሲሉ ቤቱ ዝም ይላል። የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ባለቤታቸው ወይም የንስሐ አባታቸው ናቸው። አባት በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ ነውር የለበትም።

ያ ስም በቤተክርስቲያን የሚታሰብባቸው ቀናት የታወቁ ናቸው፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፣ ሰባት ዓመት። «ተዝካር» የሚለው ቃል «ዘከረ»፣ አሰበ፣ ከሚለው የመጣ ነው፤ ድግሱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በአርባው ላይ ቀን መሳት የተለመደ ነው። ያረፉበትን ቀን አንድ ብሎ የሚቆጥርና ማግሥቱን አንድ ብሎ የሚቆጥር በአንድ ቀን ይለያያሉ፤ ስለዚህ ዘመድ ከመጥራት በፊት ከደብሩ ጋር መስማማት ያሻል። ሌላው ስሕተት ጳጉሜን መርሳት ነው። ነሐሴ 15 ያረፉ አባት፣ ያ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር፣ አርባቸው መስከረም 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን መስከረም 18 ነው። ወርን ሁሉ ሠላሳ አድርጎ የዘለለ ሰው መስከረም 24 ብሎ ይጠራል፣ ቀኑም ያልፋል።

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክም የስም ሥራ ነው። አቀራረቡ የታወቀ ነው፦ «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በእንዲህ ያለ ክፍለ ሀገር፣ በእንዲህ ያለ አውራጃ ተወለዱ» ብሎ ይነሣል፤ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳርና ልጆች ይከተላሉ፤ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ ይደመድማል። ሕዝቡ ቆሞ ስለሚያዳምጥ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። አባትን የሚያስታውስ ግን ይህ አቀራረብ ብቻውን አይደለም፤ «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ» የሚሉት ቃላት በየቀብሩ ስለሚነበቡ የማንም ፊት አይታይባቸውም። ከሦስት ቅጽል አንድ ውሎ ይበልጣል፦ ደመወዝ በተቀበሉ ቀን መጀመሪያ የሚገዙት ምን ነበር? ጎረቤት ሲታመም ማንን ይዘው ይሄዱ ነበር? ልጆችን ሲቆጡ ምን ይሉ ነበር? ምሳሌው «ይውላል» እንጂ «ይመሰገናል» አላለምና፣ ውሎውን መጻፍ ከምሳሌው ጋር ይስማማል። ከመነበቡ በፊት ባለቤታቸውና ታላቅ ልጃቸው ይስሙት፤ የተዘለለ ልጅ ስም የሚያመጣው ቅያሜ ዓመታት ይቆያል።

በውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካ የገባ አባት የራሱን አባት ወይም አያት ስም በመጨረሻ ስምነት ካስመዘገበ፣ እዚያ የተወለዱ ልጆቹ ያንኑ ስም ሊይዙ ይችላሉ፤ የእሱ የራሱ ስም ከልጆቹ ስም ጎን ይጠፋል። አንዳንድ ወላጆች ይህን አይተው የአባትየውን የመጀመሪያ ስም በልጁ የመጨረሻ ስም ቦታ ያስጽፋሉ። አባትና ልጅ የተለያየ የመጨረሻ ስም ስለሚኖራቸው በጉዞ ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት መያዝ ይበጃል።

የመቃብር ጽሑፍ ሲያሠሩም ዘመኑን ለይቶ መጻፍ ግድ ነው። ጥቅምት 1940 ዓ.ም. የተወለዱ አባት በፈረንጅ አቆጣጠር 1947 ላይ ናቸው፤ ጥር 1940 ዓ.ም. የተወለዱት ግን 1948 ላይ ናቸው። ሁሉንም ስምንት ብሎ የደመረ ሰው የመጀመሪያውን አባት አንድ ዓመት ያሳንሳቸዋል፤ ድንጋይ ላይ የተቀረጸን ቁጥር ማረም ደግሞ ከባድ ነው። ስሙን በአማርኛም ሆነ በላቲን ፊደል ሲያስጽፉ የፓስፖርቱን ሆሄ አስቀድሞ ማየት፣ ጠራቢው ከመጀመሩ በፊትም ረቂቁን ለሁለት የቤተሰብ ሰዎች ማስነበብ ነው።