የሲንጋፖር ውድቀት ምንድን ነው?

የሲንጋፖር ውድቀት የሚባለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942፣ እንግሊዞች በምሥራቅ እስያ ትልቁን የጦር ወደባቸውን ለጃፓን ያስረከቡበት ክስተት ነው። ወደብ በባሕር ይጠቃል ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅመዋል። ሲንጋፖር የተያዘችው በጀርባዋ፣ በየብስ በኩል ነው።

ከተማዋ ከማላያ (የዛሬዋ ምዕራብ ማሌዥያ) ጫፍ ያለች ደሴት ላይ ናት። ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ደቡብ ቻይና ባሕር የሚሄድ መርከብ በደጇ ያልፋል። እንግሊዞች እዚያ ግዙፍ የባሕር ኃይል ሰፈር ሠርተው ነበር። ሐሳባቸው ጃፓን ስትነሣ መርከቦቻችን ከአውሮፓ ይደርሳሉ የሚል ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ግን መርከቦቹ ከጀርመንና ከጣሊያን ጋር ተያይዘው ነበር። ከተላኩት ውስጥ ትልልቆቹ ሁለቱ፣ ፕሪንስ ኦቭ ዌልስ እና ሪፐልስ፣ ያለ አውሮፕላን ሽፋን ወጥተው ዲሴምበር 10 ቀን 1941 ከአየር ተመትተው ሰመጡ።

ብዙ ሰው «መድፎቹ ወደ ባሕር ብቻ ስለዞሩ ነው የወደቀችው» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። አብዛኞቹ ወደ የብስ ዞረው ተኩሰዋል። ጥይታቸው ግን በአመዛኙ የመርከብ ብረት ለመብሳት የተሠራ ስለነበር ተበትኖ በሚመጣ እግረኛ ላይ እምብዛም አልሠራም።

የጃፓኑ ጄኔራል ያማሺታ ጦር ደቡብ ታይላንድና ሰሜን ማላያ ላይ ወርዶ፣ በከፊል በብስክሌት እየገሰገሰ፣ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ደሴቲቱ ፊት ደረሰ። ጃንዋሪ 31 እንግሊዞች ወደ ኋላ ሸሽተው ደሴቲቱን ከየብስ የሚያገናኘውን መንገድ በፈንጂ ሰበሩት። ከዋናው ምድር ውኃ የሚያመጣው ቧንቧም አብሮ ተቆረጠ። ፌብሩዋሪ 8 ሌሊት ጃፓኖች በሰሜን ምዕራብ በኩል በጀልባ ተሻገሩ። የእንግሊዙ አዛዥ ጄኔራል ፐርሲቫል በሰሜን ምሥራቅ ይመጣሉ ብሎ ስለጠበቀ፣ በሰሜን ምዕራብ የነበሩት አውስትራሊያውያን ሳስተው ነበር የተሰለፉት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የጨረሰው ውኃ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ በስደተኛ ተጨናንቃለች። የውኃ ማጠራቀሚያዎቹ በጃፓን እጅ ገቡ። የከተማዋ ቧንቧም በቦምብ ተሰባብሮ፣ የቀረውም ውኃ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ሕዝብ በጥም ሊያልቅ ነው።

ፐርሲቫል እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡኪት ቲማ ወዳለው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ሄደ። አብረውት ከሄዱት መኮንኖች አንዱ ነጭ ባንዲራ፣ ሌላው የእንግሊዝን ባንዲራ ይዘዋል። ያማሺታ «እሺ ወይስ እምቢ?» እያለ አጣደፈው። ፐርሲቫል ያላወቀው ነገር አለ። የያማሺታ ጦር በቁጥር ከእሱ ጦር ከግማሽ በታች ነበር፤ ጥይቱም ሊያልቅበት ተቃርቧል። ያማሺታ የተቻኮለው ይህ እንዳይታወቅበት ነው። ፐርሲቫል ፈረመ። በከተማዋ 80 ሺህ ያህል ወታደር ተማረከ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ይህን በእንግሊዝ ታሪክ የከፋው ሽንፈት ብሎታል።

ስለዚህ ውድቀት ሲወራ ጄኔራሎቹ ይበዛሉ፤ ነዋሪው ይረሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዋናውን ዕዳ የከፈለው እሱ ነውና። ጃፓኖች ከተማዋን ሾናን ብለው ሰየሟት። ወዲያው ሱክ ቺንግ የሚባለው ጭፍጨፋ ተጀመረ። ቻይናውያን ወንዶች በየሰፈሩ እየተሰበሰቡ ተመረመሩ። ጃፓንን ይቃወማሉ ተብለው የተጠረጠሩት በመኪና ተጭነው ወደ ባሕር ዳርቻ ተወሰዱና ተረሸኑ። የሞቱት ብዙ ሺህ ናቸው። ከምርኮኞቹም ብዙዎች የበርማና የታይላንድን ባቡር ሐዲድ እንዲሠሩ ተልከው እዚያው ቀሩ።

እንግሊዞች በሴፕቴምበር 1945 ተመለሱ። የሲንጋፖር ሰው ግን «እንጠብቃችኋለን» ያሉት ጌቶች ሲሸነፉ በዓይኑ አይቷል። ራሳችንን እናስተዳድር የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ በረታ፤ በ1959 የውስጥ አስተዳደሯን በእጇ አስገባች።