ለስድስት ወር አትደውሉልኝ

አንድ ወዳጃችን «ልብ ወለድ ልጀምር ስለሆነ ለስድስት ወር ማንም እንዳይደውልልኝ» ብሎን ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ደወለ። ሳቅንበት። እኔ ግን ብዙም አልሳቅኩም፤ እኛ ጸሐፊዎች ስለ ብቸኝነትና ስለ ጓደኝነት የምንላቸውን፣ የሱን ስህተት ከነመንትያዎቹ፣ አውቃቸዋለኋ።

«ለመጻፍ ብቸኛ መሆን ያስፈልጋል።»
ለብቻ መቀመጥ ያስፈልጋል፣ እሱ አያከራክርም። ለብቻ መቀመጥና ብቸኛ መሆን ግን ለየቅል ናቸው። እስቲ የቅኔ ቤቱን ተማሪ አስቡት። ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለት የራሱን ቅኔ ሲደርስ፣ ከሰው ይርቃል፤ ዛፍ ሥር ወይ ጫካ ገብቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ከዚያ ግን ይመለሳል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የለመኑትን ቁራሽ ይካፈላል። ብቸኝነቱ ሰዓት አለው። እኛ ላፕቶፕ የያዝነው ጫካ መግባቱን ወስደን መመለሱን ተውነው።

«ጸሐፊን የሚረዳው ጸሐፊ ብቻ ነው።»
ግማሹ እውነት ነው። በዓሉ ግርማና ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ወዳጆች ነበሩ፤ የበዓሉ ልብ ወለድ የ«ደራሲው» ዋና ገጸ ባሕርይ ሲራክ ከስብሐት እንደተቀዳ ብዙ አንባቢ ያውቃል። (ጸሐፊ ጓደኛ ስትይዙ ይሄም እንዳለ አስቡበት።) ግን ጸሐፊዎች ብቻ ስንሰበሰብ ወሬያችን የወረቀት ዋጋና የማተሚያ ቤት ወረፋ ሆኖ ያርፈዋል። ቡና የምትጠራኝ ጎረቤቴ አንድ መስመሬን አንብባ አታውቅም። «ዛሬ ደግሞ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» የምትለኝ ግን እሷ ናት።

«እውነተኛ ጓደኛ ረቂቄን ያነባል።»
ኧረ ተዉ! እኔ በዚህ አንድ ወዳጅ አስቀይሜያለሁ። አራስ ነበረች። በሌሊት 200 ገጽ ፒዲኤፍ በቴሌግራም ላክሁባት፤ በሳምንቱ ልጠይቃት ሄጄ ገንፎዋን በልቼ፣ ልጇን እንኳን ሳላቅፍ «ምዕራፍ ሦስት ደረስሽ?» አልኳት። አሁን ሁለት ገጽ ብቻ ነው የምሰጠው። እሱንም አስፈቅጄ። የሌላውን ደግሞ ቀድሜ አነባለሁ።

«ብዙ ተከታይ ያለው ብቻውን አይደለም።»
ቻናሌ አንድ ወር ሙሉ ዝም ሲል «ምን ሆነሽ ነው?» ያሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ስልኬ ነበራቸው።

«የግጥም ምሽት ሄጄ ነበር፣ ማንም አላናገረኝም።»
አንድ ጊዜ ሄዳችሁ ነዋ! እኔም «ግጥም በጃዝ» የሚባለው ምሽት ራስ ሆቴል በነበረበት ጊዜ የመጀመሪያውን ቀን ጥግ ይዤ፣ ማንንም ሳላይ ማንም ሳያየኝ፣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉም ይተዋወቃሉ» እያልኩ ተናድጄ ወጣሁ። በኋላ እንደገባኝ፣ ግጥም እየተነበበ ማንም ጓደኛ አይሆንም። ጓደኝነቱ ያለው መውጫው በር ላይ፣ ታክሲ ጥበቃው ላይ ነው። በሦስተኛው ጊዜ አጠገቤ የነበረችው ልጅ «ባለፈውም እዚህ ጋ ነበርሽ አይደል?» አለችኝ።

ከዚያች ጥያቄ ነው ማኅበራችን የመጣው። አራት ሰው ነን፣ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ፣ እንደ ጽዋ ማኅበር በየቤታችን በተራ። ሁለት ሁለት ገጽ ይነበባል፣ ቡና ይፈላል። ምንም ያልጻፈም ይመጣል፣ ይቅርታም አይጠይቅም።

ያ ለስድስት ወር አትደውሉልኝ ያለው ልጅ የዚህ ቅዳሜ ተረኛ ነው። እስካሁን ምዕራፍ አንድ ላይ ነው። ቡናው ግን አንደኛ ነው።