ማክረም ምንድን ነው? እንሰትና ጎደሬ ውርጭ ባለበት አገር

በሞቃት አገር የሚበቅልን ቅጠለ ሰፊ ተክል በበጋ ደጅ ማሳደግ፣ ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ነቅሎ፣ ሸፍኖ ወይም ከግንዱ ቁራጭ ወስዶ ሙቀቱ እስኪመለስ በሕይወት ማቆየት፦ ማክረም ማለት ይህ ነው። በዋሽንግተንና በሚኒያፖሊስ፣ በለንደንና በስቶክሆልም ያሉ አትክልተኞች በየዓመቱ ይሠሩታል። ከሚያከርሟቸው ተክሎች መካከል ኢትዮጵያዊ አንባቢ በጓሮ የሚያውቃቸው እንሰትና ጎደሬ ይገኛሉ። እኛ ለምግብ የምንተክላቸውን እነርሱ ለቅጠላቸው ግርማ ብቻ ይደክሙላቸዋል።

ሥራውን ለመረዳት ብርድ ተክልን እንዴት እንደሚገድል ማወቅ ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ሲወርድ በቅጠሉ ሕዋሳት መካከል ያለው ውኃ ወደ በረዶ ይለወጣል። ይህ በረዶ ከሕዋሳቱ ውስጥ ውኃ እየሳበ ያደርቃቸዋል፣ ሽፋናቸውንም ያበላሻል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ቅጠሉ የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ጎመን ጠቁሮ ይዝለፈለፋል። የቆላ ተክሎች ደግሞ ውርጭ ሳይደርስ ይጎዳሉ። ሙቀቱ ከ10 ወይም ከ12 ዲግሪ በታች ለቀናት ከቆየ የሕዋሳቸው ሽፋን ይደድራል፤ ቅጠላቸው ቢጫ ይሆናል ወይም ይጠቋቁራል።

የብርድ አገር ዛፍ ለዚህ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ቀኑ ማጠር ሲጀምር ምልክቱን ተቀብሎ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ምግቡን በሥሩና በግንዱ ያከማቻል፣ እምቡጡን በቅርፊት ይሸፍናል። የሞቃት አገር ተክል ይህ ልማድ የለውም፤ ሙቀትና ውኃ እስካገኘ ድረስ ለማደግ ይሞክራል። ስለዚህ ዕረፍቱን የሚሰጠው አትክልተኛው ነው። ተክሉ ሊያድግ ወደማይችልበት፣ ነገር ግን ወደማይሞትበት ቅዝቃዜ አውርዶ ውኃውን ይከለክለዋል። ወፍራም ሥር ላላቸው ለብዙዎቹ ይህ ቦታ ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው መካከል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተክሉ ለወራት ያለ ብርሃን ሊቆይ ይችላል።

ለዚህ ሥራ ከእንሰት የተሻለ መምህር አላውቅም። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በሐድያ፣ በጌዴኦና በጋሞ የሚበቅለው ባብዛኛው ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ስለሆነ ቀዝቃዛ ሌሊት ለእርሱ እንግዳ አይደለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው የደገኛ አባባል የሚናገርለትን ብርድ ችሎ የኖረ ተክል ነው። ውርጭ ቅጠሉን ይለበልበዋል፤ የማደጊያው እምብርት ግን በወፍራም የቅጠል ሰገባዎች ተጠቅልሎ ከግንዱ ሥር ስለሚቀመጥ ቀላል ውርጭ በቶሎ አያገኘውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ፣ አሚቾው፣ አለ። ቆጮና ቡላ ሆኖ ሚሊዮኖችን የሚመግበው ስታርች ተክሉ ለራሱ ያስቀመጠው ስንቅ ነው። እንሰት በጨለማ ምድር ቤት ውስጥ አራትና አምስት ወር የሚቆየው ይህን ስንቅ እየበላ ነው። ትልቅ አሚቾ ያለው ተክል ከትንሹ ይልቅ በቀላሉ የሚከርመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አውሮፓ የገባበት ታሪክ አጭር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ እንሰትን ገልጾ ሥዕሉንም አቅርቦ ነበር። በ1853 እ.ኤ.አ. በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው የኪው የእጽዋት ማዕከል ላከ። የኪው ሰዎች መጀመሪያ ዘሩ ብሩስ የጻፈለት ተክል መሆኑን አላወቁም፤ በቅሎ ሲያድግ ግን የሙዝ ዘመድ መሆኑ ታየ። ዛሬ ቅጠሉ ወደ ቀይ ቡናማ የሚያደላው «ማውሬሊ» የተባለው ዓይነት ከእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር የጓሮ ብቃት ሽልማት አለው፤ በአሜሪካም በየችግኝ መሸጫው ይገኛል። የሚሸጠው «የአቢሲኒያ ሙዝ» ወይም «ቀዩ የአቢሲኒያ ሙዝ» እየተባለ ስለሆነ ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት ያልፉታል ብዬ አስባለሁ። ስሙ እንጂ ተክሉ የሚበላ ሙዝ አያፈራም።

የማክረሙ ሥራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ውርጭ ሲቃረብ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ይህ ብዙ ጊዜ በጥቅምት ውስጥ ይሆናል፤ መሃል ከተማው ሙቀት ስለሚይዝ እስከ ኅዳር ሊዘገይ ይችላል። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን መስከረም ሳያልቅ ሊመጣ ይችላል። በዚያን ጊዜ ከመሃል ከሚወጣው ጥቅልል ቅጠል በስተቀር ሌሎቹ ቅጠሎች በሙሉ ይቆረጣሉ። ከግንዱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ዙሪያውን በአካፋ ይቆፈርና ተክሉ ከነአሚቾው ይነሣል። የገመድ ውፍረት ያላቸው ሥሮቹ ቢቆረጡ አይጎዳም፤ በጸደይ አዲስ ያወጣል።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚከስረውም በዚህ ነው። የእንሰት ግንድ እርስ በርስ የተጠቃቀለ የቅጠል ሰገባ ነው። በየሰገባው መካከል የሞቃቱ ወራት ዝናብ ተጠራቅሟል። ተክሉን ዘቅዝቃችሁ ግድግዳ ላይ ስታስደግፉት ጥቁር፣ ኮምጣጣ ሽታ ያለው ውኃ ከውስጡ ይፈስሳል፤ ለቀናትም ጠብ ጠብ ማለቱን አያቆምም። ይህ ውኃ ሳይወጣ ምድር ቤት የገባ እንሰት ከመሃሉ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ስለዚህ ውርጭ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አንድ ሳምንት ገደማ ተዘቅዝቆ ይቆይ። ከዚያ በኋላ አፈሩን አራግፋችሁ አሚቾውን በጋዜጣ ወይም በደረቅ የእንጨት ብናኝ ከብባችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አቁሙት።

ከዚህ በኋላ ሥራው መመልከት ነው። በየሦስትና አራት ሳምንቱ ከግንዱ ሥር በአውራ ጣት ጫን በሉ። ጠንካራ ከሆነ ተዉት። ከለሰለሰና ከሸተተ የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላዋ ነጭና ጽኑ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ፤ ቁስሉ በደንብ ይድረቅ። ከውጭ ያሉት ሰገባዎች ቡናማ ሆነው እንደ ወረቀት ቢደርቁ አትደንግጡ፤ ርጥበት የያዙትን ብቻ ላጡ። ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም። የአሚቾው ቆዳ በጣም ከተጨማደደ ግን ጥቂት ውኃ መርጨት ይበቃል። በብርድ አገር ከሚሞቱት የተከረሙ እንሰቶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው የባለቤቱ ርኅራኄ ነው፤ ውኃ ጠማው ብሎ ያጠጣዋል፣ ቀዘቀዘው ብሎ ያሞቀዋል።

ማሞቂያው ሌት ተቀን የሚሠራበት ምድር ቤት ለዚህ አይሆንም። በ20 ዲግሪ እንሰቱ ይነቃና ያለ ብርሃን የገረጣ ቅጠል እያወጣ ስንቁን ይጨርሳል። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ደግሞ በጥር ከዜሮ በታች ሊወርድ ስለሚችል ከመወሰን በፊት ቴርሞሜትር ሰቅሎ ማየት ይሻላል። ቀዝቃዛ ቦታ ጨርሶ የሌለው ሰው ተክሉን በአበባ መትከያ ውስጥ እንዳለ ብርሃን ወደሚበዛበት መስኮት አስጠግቶ፣ አፈሩ በደንብ ሲደርቅ ብቻ ትንሽ እያጠጣ ሊያቆየው ይችላል። ይህኛው ይከብዳል፤ በታኅሣሥ የስቶክሆልም ቀን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ በማሞቂያ የደረቀ አየርም ቅጠል የሚመጥጡ ጥቃቅን ተባዮችን ያበዛል።

ጎደሬ ከዚህ ይቀላል። ቅጠሉ በመጀመሪያው ውርጭ ሲጠቁር ከአፈሩ በላይ ጥቂት አስቀርቶ መቁረጥ፣ ሥሩን ማውጣት፣ ለጥቂት ቀናት ማድረቅ፣ ከዚያም በእንጨት ብናኝ በተሞላ የወረቀት ከረጢት ማስቀመጥ ነው። በጸደይ ከዋናው ሥር ጎን የወጡትን ትንንሾች ለይቶ መትከል ይቻላል፤ አንዱ በዓመቱ ብዙ ይሆናል። ጥሬው እጅና አፍ ስለሚያሳክክ ጓንት አድርጉ። ለቅጠሉ ውበት ብቻ የተመረጡትን ጥቁርና ዝንጉርጉር ዓይነቶች ደግሞ ለድስት አታስቡ። ጉሎም በእነዚህ አገሮች ለቅጠሉ ይተከላል፤ ነገር ግን በአንድ በጋ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ ማንም አያከርመውም፣ ዘሩን ይዞ በሚቀጥለው ዓመት ይዘራል። ዘሩ ብርቱ መርዝ ስላለው ልጆች ባሉበት ቤት እንዲተከል አልመክርም።

አፓርታማ ለሚኖር ሰው የሚስማማው ግን ቁራጭ ማክረም ነው። ኮሊየስ የተባለው ባለ ቀለም ቅጠል፣ የእኛ የወላይታ ድንች ዘመድ፣ ለዚህ ተስማሚ ነው። ውርጭ ሳይመጣ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጫፍ ከአንጓው በታች ቆርጦ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሥቶ ውኃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ያወጣል። ትልቁ ተክል ደጅ ይሞታል፣ ልጁ በመስኮት ይከርማል።

በእንሰት ይህ አይቻልም፤ የግንዱ ቁራጭ ሥር አያወጣም። እንደ ሙዝ ከጎኑ ልጅ የማውጣት ልማድም የለውም። አንድ ጊዜ ያብባል፣ ዘር ይሰጣል፣ ይሞታል። በብርድ አገር ያሉ የንግድ ችግኝ ጣቢያዎች ቀዩን እንሰት የሚያባዙት ባብዛኛው በላቦራቶሪ፣ ከተክሉ የተወሰደ ትንሽ ሕብረ ሕዋስ በማሳደግ ነው። የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬ ግን የማባዛቱን ዘዴ ካገኘው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጥቂት ዓመት የሞላውን እንሰት ግንድ ከአሚቾው በላይ ጥቂት አስቀርቶ ይቆርጠዋል። በመሃል ያለውን የማደጊያ እምብርት ቆፍሮ ያወጣል፣ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ይሞላል፣ አሚቾውን መልሶ ይቀብረዋል። ዝናቡ ሲመጣ ከዙሪያው በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ የሚበልጡ ችግኞች ይወጣሉ። ምክንያቱ እምብርቱ ኦክሲን የተባለውን ሆርሞን እያመነጨ የጎን እምቡጦች እንዳይነቁ ይከለክላቸው ነበር፤ እርሱ ሲወገድ ሁሉም ይነሣሉ። አሁን በአውሮፓና በአሜሪካ ቀይ እንሰት የሚወዱ አትክልተኞች ይህንኑ መሃሉን የመቆፈር ዘዴ ይጠቀማሉ። ዕውቀቱ የእነማን እንደሆነ በግልጽ ሊነገር ይገባል፤ የገበሬዎቻችን ነው።

በብርድ አገር ይህን መሞከር የሚቻለው በጸደይ፣ ሙቀቱ ሲመለስ ነው። በብርድ ወራት የተቆፈረ አሚቾ ቁስሉ ሳይድን ይበሰብሳል። የምትቆርጡበት ቢላዋ በእሳት ወይም በአልኮል የጸዳ ይሁን። የእንሰት አጠውላጊ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በአገር ቤት በዋናነት የሚዛመተው ባልጸዳ መሣሪያ ነው። አሚቾ በሻንጣ ይዞ መምጣትም ከዚህ ጋር አብሮ መታየት አለበት። አሜሪካ የውጭ አገር አፈር ያለ ፈቃድ አታስገባም፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ተክል ይዞ የሚገባ መንገደኛ የጤና ምስክር ወረቀት እንዲይዝ ያዛል። ተክሉ እዚያው በየችግኝ መሸጫው ስለሚገኝ ከዚያው መግዛት ይሻላል።

በመጋቢት እንሰቱ በአበባ መትከያ ይተከልና ወደ 18 ዲግሪ ወዳለው ብርሃን ክፍል ይገባል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ውኃው ጥቂት ይሁን፤ ሥር ያላበቀለ አሚቾ ውኃ መጠጣት አይችልም። በሚያዝያ የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ፣ በሚኒያፖሊስ ደግሞ ወደ ግንቦት ገፍቶ፣ ወደ ደጅ ይወጣል። በቤት ውስጥ የወጣ ቅጠል በቀጥታ ፀሐይ ስለሚቃጠል መጀመሪያ ጥላ ሥር ለአንድ ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ይምታው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲተው መሬት ይተከል። ጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ብስባሽ ይግባበት፤ እንሰት ፍግ የለመደ ተክል ነው።